ልስላሴ ከብርጭቆ ወረቀት በፊት፦ የኮምፒውተር መቅረጫ ማሽን በሐረር

ሸንኮር ወረዳ፣ የሐረርን አሮጌ ከተማ ከሚከበው የጀጎል ግንብ ውጪ፣ ከአንድ መኖሪያ ቤት ጎን የተቀጠለች ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ ቀጭን የሞተር ጩኸት ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስንዝር የምትሆን የዋንዛ ጣውላ በአራቱም ማዕዘን ታስራለች። ከላይዋ፣ በብረት ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ሞተር ጫፉ ላይ የተገጠመለትን መቁረጫ (ቢት) እያሽከረከረ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የሚሄድበትን መንገድ የሚነግረው አጠገቡ የተቀመጠው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ከጣውላዋ ውስጥ ባለ ስምንት ቅጠል አበባ ቀስ በቀስ ብቅ እያለ ነው፤ ወጣቱ አናጺ ጀጎል ውስጥ ካለ አሮጌ በር ላይ ፎቶ አንስቶ፣ በኮምፒውተር ስሎ ያዘጋጀው ነው።

ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ቆመ። ወጣቱ ሰጋቱራውን በብሩሽ ጠርጎ ጣውላዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበላት። አበባው ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ቅጠሎቹ ላይ በእኩል ርቀት የተሰለፉ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ጠርዝ ተቦጫጭሮ ጸጉር አውጥቷል፤ አንዱ ጥግ ደግሞ ተለብልቦ ጠቁሯል።

«ግድ የለም፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል» አለ ወጣቱ።

በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት አዛውንት አናጺ ጣውላዋን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «መስመሩስ ይለቅልሃል ልጄ። ግን ወረቀቱ መስመሩን ለይቶ አይበላም፤ የአበባውንም ጠርዝ አብሮ ይበላዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀርልህ አበባ ሳይሆን እብጠት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?»

«ከመሮው ሥር ለስልሶ መውጣት አለበት።»

አዛውንቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩት ቤታቸው ውስጥ መቅረጫ ማሽን ያላቸው ብዙ ወጣቶች ዘግይተው የሚደርሱበትን ቁም ነገር ነው። ልስላሴ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር አይደለም። ከእንጨቱ ምርጫ፣ ከማሽኑ ጽናት፣ ከቢቱ ስለትና ቢቱ ከሚሄድበት መንገድ ተጠራቅሞ የሚመጣ ነው። ሐረር ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ ከአንድ ጣውላ ያልፋል፤ ከተማዋ አዲሱን ሥራ የምታወዳድርበት ጥንታዊ የእንጨት ሥራ ዛሬም ዓይናችን ሥር አለና።

በድንጋይ ከተማ ውስጥ ያለው እንጨት

ሐረር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ድንጋዩ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደታነጸ የሚነገርለት ግንብ፣ በ48 ሄክታር ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ቤቶች፣ 82ቱ መስጊዶችና ከ100 የሚበልጡት የአውሊያ ማረፊያዎች በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍረዋታል። የድንጋዩን ቅጥር አልፎ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው ግን እንጨቱን ያገኛል። የሐረሪ ቤት ጣሪያ ቅርፊታቸው ተልጦ ተቀራርበው በተደረደሩ ግንዶች የተሠራ ነው፤ የግቢው በር ባለ ሁለት ተካፋች ጣውላ ነው።

ከ1879 ዓ.ም. በኋላ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ ወዲህ፣ የሕንድ ነጋዴዎች በብዛት መጥተው ሲሰፍሩ ሌላ የእንጨት ጥበብ ተጨመረ። የእንጨት በረንዳ ያላቸው ባለ ፎቅ ቤቶች ተሠሩ፤ የከተማዋ መልክ ተለወጠ፤ የሐረሪው ቤት አሠራርም ከእነሱ ተዋሰ። ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍበት፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። የሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም የሚገኝበት የራስ ተፈሪ ቤትም የዚያው ዘመንና የዚያው እጅ ውጤት ነው። እነዚህን ቤቶች ቀርቦ ያየ ሰው የእጅ ቅርጽ ከማሽን ቅርጽ በምን እንደሚለይ ያስተውላል። የተሳለ መሮ የእንጨቱን ጅማት ቆርጦ ስለሚያልፍ ጠርዙ ሳይሸራረፍ፣ ገጹም ሳይሻክር ይቀራል።

ይህ ሀብት አደጋ ላይ ነው። ዩኔስኮ ራሱ በጀጎል ላይ ከዘረዘራቸው ተገቢ ያልሆኑ ለውጦች አንዱ የእንጨት በሮች በብረት በሮች መተካታቸው ነው። አንድ ቤተሰብ በሩ ሲበሰብስበት ወይም ሲሰበርበት የሚጠርበለት ሰው ካላገኘ ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ መቅረጫ ማሽን እዚህ ቦታ ላይ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል፤ የሚያወጣው ሥራ ግን ለበሩ የሚመጥን መሆን አለበት።

ማሽኑ እንዴት ያስባል?

መሣሪያን በቁጥር ትእዛዝ የማንቀሳቀስ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ ለአውሮፕላን ክፍሎች ሥራ የጠነሰሰው ሐሳብ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እጅ አልፎ እ.ኤ.አ. በ1952 በቁጥር የሚታዘዝ የብረት መፈልፈያ ማሽን ሆኖ ታየ። ሐሳቡ ከፋብሪካ ወጥቶ ቤት የገባው ርካሽ የቁጥጥር ሰሌዳዎች ከመጡ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ጂአርቢኤል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ሦስት ሞተሮችን በአንድ ላይ እንድትመራ አስችሏል። አንዱ ሞተር ወደ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ወደ ፊትና ኋላ፣ ሦስተኛው ወደ ላይና ታች ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ወደ ብዙ ሺህ አጫጭር ትእዛዞች ይከፋፍለዋል፤ ሰሌዳዋ ትእዛዞቹን ወደ ሞተር እርምጃ ትለውጣለች።

አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች የታዘዙትን ያህል መሄዳቸውን አያረጋግጡም። ሞተሩ «መቶ እርምጃ ሂድ» ሲባል መቶ እንደሄደ ይቆጠራል፤ እንጨቱ ጠንክሮበት 98 ላይ ቢቀር ማሽኑ አያውቅም። ቅርጹ ይዛባል፤ የተዛባው ደግሞ እንደ ሸካራነት ይታያል። ስለዚህ ልስላሴን የሚፈልግ ሰው ከሥዕሉ በፊት ማሽኑን መመርመር አለበት።

መጀመሪያ ጽናት

ወጣቱ አናጺ ማሽኑን አጥፍቶ ቢቱን የሚያሽከረክረውን ሞተር በእጁ ይዞ ወዘወዘው። በአንድ አቅጣጫ ጠቅ የምትል ልቅነት አለች። ኩሽኔታዎቹን የሚያጠብቁትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈተሸ፤ የላላውን ቺንጊያ ወጠረ። ልቅ የሆነ ማሽን አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ጥቂት ይዘገያል፤ ክቡ ሞላላ ይሆናል፤ ቅጠሉ ላይም እርከን ይፈጠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። ማሽኑን 100 ሚሊሜትር እንዲሄድ አዝዞ በትክክል የሄደውን መለካት። 98 ብቻ ከሄደ፣ በሰሌዳዋ ላይ የተመዘገበውን «በአንድ ሚሊሜትር ስንት እርምጃ» የሚለውን ቁጥር በ100 አባዝቶ ለ98 ማካፈል ነው። ቁጥሩ 80 ከነበረ 81.63 ይሆናል።

ሦስተኛው የሞተሩ ቀጥታ መቆም ነው። ሞተሩ ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ሰፊው ቢት በሄደበት ሁሉ አንዱ ጠርዝ ጠልቆ ሌላው ከፍ ይላል። ዲያሜትሩ 25 ሚሊሜትር በሆነ ቢት ላይ የዲግሪ አንድ አምስተኛ ዘንበል ማለት ወደ 0.09 ሚሊሜትር የሚጠጋ እርከን ያስቀምጣል፤ በዓይን ባይታይ በጣት ይታወቃል። ፍተሻው ቀላል ነው። የታጠፈ ጠንካራ ሽቦ ሞተሩ ላይ ይታሰራል፤ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ሽቦው በአራቱም አቅጣጫ ጠረጴዛውን እኩል መንካት አለበት። ካልነካ ከሞተሩ ማሰሪያ ሥር ስስ ቆርቆሮ እየሸጎጡ ማስተካከል ነው።

በመጨረሻ ጣውላው ራሱ መታሰር አለበት። ጥጎቹ ብቻ ተይዘው መሃሉ ከፍ ያለ ጣውላ ከቢቱ ጋር አብሮ ይርገበገባል፤ ገጹም ማዕበል ያወጣል። ከታች የሚነጠፈውን ሰሌዳ በማሽኑ ራሱ አንዴ ልጎ ማስተካከል፣ ከዚያም ጣውላውን ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ ማሰር ብዙ ችግር ያስቀራል።

እንጨቱ ይምረጥ

ዋንዛ ለቅርጽ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመሮ ይታዘዛል፤ ሲለሰልስም ቀለሙ ያምራል። ጽድ መዓዛውና ለምስጥ አለመበገሩ ቢያስመሰግነውም አንጓው ብዙ ነው፤ አንጓው ጋ ሲደርሱ የጅማቱ አቅጣጫ ስለሚገለባበጥ ቢቱ ይቦጭቃል። ኤምዲኤፍ የሚባለው ተጨፍልቆ የተሠራ ሰሌዳ ጅማት ስለሌለው አይቦጨቅም፤ ነገር ግን ከገጹ በታች ሲቀረጽ እንደ ጥጥ ይነፋል።

ከዛፉ ዓይነት ባልተናነሰ የሚወስነው ድርቀቱ ነው። እርጥብ እንጨት ጅማቱ አይቆረጥም፤ ይጎተታል፣ ጸጉር ያወጣል። ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሆን ጣውላ እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ጣውላውን በየጥቂት ቀኑ እየመዘነ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይጠብቅ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ወራት ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት ተለይቶ የተደረደረ ጣውላ በደንብ ይደርቃል።

ሕጉንም ማሰብ ተገቢ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራውን ሕግ ማጣራት ይገባል። ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ ጣውላ ለዚህ ሥራ መልካም ምንጭ ነው፤ ደርቋል፣ ደኑንም አይነካም። ከማሽኑ በፊት ግን ሚስማሩ አንድም ሳይቀር መነቀል አለበት።

ቢትና ፍጥነት

ጥጉ ላይ የታየው ጥቁረት ምክንያት ስሌት ውስጥ ተገኘ። ወጣቱ ሞተሩን በደቂቃ 18,000 ጊዜ እያሽከረከረ ማሽኑን በደቂቃ 400 ሚሊሜትር ብቻ ያስኬድ ነበር። ቢቱ ሁለት ስለት አለው። 400 ለ18,000፣ ከዚያ ለ2 ሲካፈል እያንዳንዱ ስለት የሚያነሳው 0.011 ሚሊሜትር ነው። ይህን ያህል ቀጭን ነገር አይቆረጥም፤ ስለቱ እንጨቱን ያሻሸዋል፤ ፍትጊያው ይሞቃል፤ ሙቀቱ እንጨቱንም ስለቱንም ያቃጥላል። ብዙ ሰው ሥራው እንዲለሰልስ ብሎ ማሽኑን ያዘገያል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው።

ስለቱ 0.05 ሚሊሜትር ያህል እንዲያነሳ ከተፈለገ በ18,000 ዙር 1,800 ሚሊሜትር በደቂቃ መሄድ ያስፈልጋል። ትንሽ ማሽን ይህን ፍጥነት ካልቻለ ዙሩን ወደ 10,000 ዝቅ አድርጎ በ1,000 ሚሊሜትር ማስኬድ ያው ውጤት አለው። ከማሽኑ የሚወጣው ነገር ይመሰክራል፤ የሚጨበጥ ፍቅፋቂ ከወጣ ስለቱ እየቆረጠ ነው፤ ዱቄት ብቻ ከወጣ እያሻሸ ነው።

የቢቱ ቅርጽም ይለያል። ጥምዝምዙ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ የሚያወጣው ቢት ጉድጓዱን ያጸዳል፣ የላዩን ጠርዝ ግን ያነሳል። ወደ ታች የሚገፋው ጠርዙን ንጹሕ ያደርጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ግን ሰጋቱራ ያጭቃል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነው ቢት ለጥምዝ ቅጠል ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን የጫፉ መሃል ነጥብ ሲዞር ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ ለጥ ያለ ቦታ ላይ አይቆርጥም፣ ይደፈጥጣል። ስለዚህ የአበባውን ጀርባ በጠፍጣፋ ቢት፣ ቅጠሉን በድቡልቡሉ መሥራት ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የደነዘ ቢት ምንም ዓይነት ስሌት አያድነውም።

መንገዱ

ቅጠሎቹ ላይ የታዩት መስመሮች የመጡት ቢቱ ከሄደበት መንገድ ነው። ድቡልቡል ቢት ጎን ለጎን ሲመላለስ በሁለት መንገዶች መካከል ሳይቆረጥ የሚቀር ጉብታ አለ። የጉብታው ከፍታ በግምት በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ፣ ለቢቱ ግማሽ ዲያሜትር ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የወጣቱ ቢት ዲያሜትር 6 ሚሊሜትር ነበር፤ በሁለት መንገዶች መካከል የተወው ርቀት 2.4 ሚሊሜትር። ጉብታው ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ርቀቱ ወደ 1.2 ሲወርድ ጉብታው 0.06፣ ወደ 0.6 ሲወርድ 0.015 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ጉብታውን ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ዋጋው ጊዜ ነው። 20 በ20 ሴንቲሜትር ጣውላ፣ በ0.6 ርቀት፣ በደቂቃ 1,500 ሚሊሜትር ፍጥነት 44 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በ1.2 ርቀት ግማሹን። ይሁን እንጂ በማሽን ላይ የሚጨመረው 22 ደቂቃ በእጅ ከመፈግፈግ ያድናል፤ የቅጠሉም ጠርዝ ይተርፋል።

ሥራውን በሁለት መክፈል ሌላው ቁልፍ ነው። በመጀመሪያው ዙር ወፍራሙ ቢት ብዙውን እንጨት ያነሳል፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይተዋል። በሁለተኛው ዙር ድቡልቡሉ ቢት ያቺን ስስ ሽፋን ብቻ ይላጫል። ሸክሙ ስለሚቀንስ ማሽኑ አይንቀጠቀጥም። የመጨረሻው ዙር በጅማቱ አቅጣጫ ቢሄድ ይመረጣል፤ የቀረች መስመር ብትኖር ከእንጨቱ ጅማት ጋር ትዋሃዳለች፣ ለማለስለስም አታስቸግርም።

ወጣቱ ሁለተኛዋን ጣውላ በዚህ መንገድ ሠራ። ማሽኑ ሲቆም አዛውንቱ እንደ ቀድሞው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፤ ከዚያ ቅጠሉን በጥፍራቸው ጫፍ ተከተሉት። «አሁን ጠርዝ አለው» አሉ።

መብራት ሲጠፋ

በሀገራችን የተለመደ አንድ ችግር ይቀራል። ማሽኑ ያለበትን ቦታ በማስታወስ ብቻ የሚኖር ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ሲመለስ በግምት ከተነሳ ግማሽ ሚሊሜትር ብትስት እንኳ በቅጠሉ መሃል ሊሽር የማይችል እርከን ትተዋለች። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማሽኑ መነሻ ቦታውን በራሱ ፈልጎ የሚያገኝበት ማብሪያ በየአቅጣጫው ይገጠምለት፤ የጣውላው መነሻ ነጥብም ከዚያ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ረጅም ሥራ በአንድ ፋይል አይላክ፤ የመጀመሪያው ዙር አንድ ፋይል፣ የማለስለሻው ዙር ሌላ ይሁን። ኮምፒውተሩ፣ ሰሌዳዋና የሐዲዱ ሞተሮች በዩፒኤስ (ባትሪ ባለው መጠባበቂያ) ላይ ቢሆኑ ደግሞ ማሽኑን ወዲያው አስቁሞ የት እንደተቆመ ማወቅ ይቻላል።

ከማሽኑ በኋላ

ጥሩ ሥራ ጥቂት ብርጭቆ ወረቀት ይበቃዋል። በ180 ቁጥር ተጀምሮ በ240 ይጨረሳል፤ ሁልጊዜም በጅማቱ አቅጣጫ። ጸጉር ያወጣ ቦታ ካለ ቀድሞ የቀጠነ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ ጸጉሩ ጠንክሮ ስለሚቆም በቀላሉ ይቆረጣል። ኤምዲኤፍ ያለዚህ አይለሰልስም። አፍንጫና ዓይን ይሸፈኑ፤ የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያስከትል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ያረጋገጠው ጉዳይ ነው። በተዘጋች የቤት ክፍል ውስጥ፣ ሕፃናት ባሉበት ግቢ፣ ይህን ችላ ማለት አይገባም።

ለምን እናውለው?

ማሽኑ ለስላሳ መቅረጽ ሲችል ጥያቄው ይለወጣል። ያንኑ አበባ መቶ ጊዜ አባዝቶ በየሶፋው ላይ መለጠፍ ይቻላል። ከተማዋን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። የጀጎልን በሮችና በረንዳዎች በጥንቃቄ ለክቶ፣ ሳይነኩ ፎቶ አንስቶ፣ ሥዕላቸውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ተካፋች ሲበሰብስ ወይም አንድ ቅርጽ ሲሰበር ምትኩን በተመሳሳይ እንጨት ሠርቶ በቦታው መመለስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የጸደቀው የቬኒስ ቻርተር የጎደለውን መተካት ይፈቅዳል፤ አዲሱ ክፍል ከነባሩ ጋር እንዲስማማ፣ ግን አሮጌ መስሎ እንዳያታልል ያዝዛል። ስለዚህ ከምትኩ ጀርባ የተሠራበት ዓመት ይቀረጽበት።

ማሽን ያላችሁ ወጣቶች፣ ዛሬም መሮ የሚይዙ አዛውንቶች በከተማችሁ አሉና ጣውላችሁን ለዳሰሳ አቅርቡላቸው፤ ጣታቸው የሚሰጣችሁን ፍርድ ምንም ሶፍትዌር አይሰጣችሁም። የክልሉ የቅርስ ባለሙያዎችም እነዚህን ትንንሽ ክፍሎች ፈልገው ይጎብኙ፤ የትኛው በር መጀመሪያ እርዳታ እንደሚሻ ያሳዩአቸው። በሩ የተሰበረበት የጀጎል ነዋሪም ወደ ብየዳ ቤት ከመሄዱ በፊት አንድ አናጺ ይጠይቅ። የሐረር በር በእንጨት ሊመለስ ይችላል፤ የሚመለሰው ግን በጥንቃቄ ከተሠራ ብቻ ነው።